ቢግ ባንግን ለፈጣሪ መኖር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ያስኬዳል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀመጥበት የወጣቶች የውይይት ክበብ አለን። ቀጣዩ ርዕሳችን የዓለም አጀማመርና የፈጣሪ መኖር ነው። ካሁኑ ሁለት ጎራ ተፈጥሯል። አንዱ «ቢግ ባንግ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት አረጋግጧል፤ ስለዚህ ፈጣሪ አለ፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «የዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው የሚባለው ሃይማኖትን ለማፍረስ የመጣ ነው» ብሎ ጭራሽ መስማት አይፈልግም። ሳይንሱንም እምነቱንም ሳናዛባ እንዴት እናቅርበው? ሰው የሚሳሳተውስ የት የት ላይ ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቲዎሪው ምን እንደሚል በትክክል አስቀምጡ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይበርዳል። የሚለው ዓለም በጣም ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነስታ እየሰፋችና እየቀዘቀዘች መጣች ነው። ከምንም ተነስታ ፈነዳች አይልም። ማስረጃው ሦስት ነው። ጋላክሲዎች (ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች) በርቀታቸው ልክ እየፈጠኑ ይሸሻሉ። ከየአቅጣጫው ከሞላ ጎደል እኩል የሚደርሰን ሙቀቱ 2.725 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) የሆነ የማይክሮዌቭ ጨረር አለ፤ ተመራማሪዎቹ ፔንዚያስና ዊልሰን ግኝታቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የወጣው ተራ ቁስ በክብደት ሩብ ያህሉ ሂሊየም፣ የቀረው በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆኑም ከስሌቱ ጋር ይገጥማል።

መስፋቱን በቃል ብቻ አታስረዱ። 20 ሳንቲ ሜትር የልብስ ላስቲክ ቆርጣችሁ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በእስኪርቢቶ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ 40 እስኪሆን ለጥጡት። ከጫፉ 5 ላይ የነበረው ምልክት 10 ላይ፣ 10 ላይ የነበረው 20 ላይ ይገኛል። የራቀው በዚያው ጊዜ እጥፍ ሄደ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «እንግዲያ መሃሉ እኛ ነን» ይላል። ስለዚህ ድገሙት፤ አሁን ግን ከመካከለኛው ምልክት ጀምራችሁ ለኩ። ውጤቱ ያው ነው። ፍንዳታው የተነሳበት አንድ ቦታ የለም።

ዕድሜውንም ሰሌዳ ላይ አስሉት። የመስፋት መጠኑ ለአንድ ሜጋፓርሴክ (የጋላክሲዎች ርቀት መለኪያ) በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.09 × 10¹⁹ ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ70 ሲካፈል 4.4 × 10¹⁷ ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 14 ቢሊዮን ዓመት ይመጣል። ሜጋፓርሴኩን ወደ ኪሎ ሜትር ሳይቀይር ያካፈለ የማይሆን ቁጥር ያገኛል። ውጤቱ ለ13.8 የቀረበው መስፋቱ በፊት እየዘገየ፣ ኋላ እየፈጠነ ስለሄደና ሁለቱ ስለተካካሱ ነው።

ወረሂመኖ
የኢማም አል-ገዛሊን ሙግት ሳታነሱ አትለፉ። ጅማሬ ያለው ሁሉ አስጀማሪ አለው፤ ዓለም ጅማሬ አላት፤ ስለዚህ አስጀማሪ አላት። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም መካከለኛውን፣ «ዓለም ጅማሬ አላት» የሚለውን፣ ያቆሙት በቴሌስኮፕ አይደለም። በዘመኑ አቆጣጠር ፀሐይ በዓመት አንዴ፣ ሳተርን በ30 ዓመት አንዴ ይዞራሉ። ያለፈው ጊዜ መነሻ ከሌለው የሁለቱም ዙር ማለቂያ የለውም፤ ታዲያ የፀሐይ ዙር ሠላሳ እጥፍ የሚበልጠው እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። የሒሳብ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ማለቂያ የሌላቸው ሁለት ስብስቦች፣ አንዱ ከሌላው የበዛ ቢመስልም፣ አንድ ለአንድ ሊዛመዱ ይችላሉ ይላሉ። ለዚያ ተዘጋጁ።

የሚበላሸው ግን ይህን የአእምሮ ሙግት አውጥቶ በቦታው ቢግ ባንግን መተካት ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ 10⁻⁴³ ሰከንድ አካባቢ ላይ የአንስታይን የስበት እኩልታ ብቻውን አያዛልቅም፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሻግር የተረጋገጠ ቲዎሪ የለም። ፊዚክስ የመጀመሪያዋን ቅጽበት አሳይቶናል ማለት አይቻልም። ሰማያትና ምድር የተጣበቁ ነበሩ፣ ለየናቸው የምትለውን የሱረቱል አንቢያእ 30ኛ አያ «ይኸው ቢግ ባንግ» ብሎ መደምደምም አልወድም። የሚሻሻል ቲዎሪ ላይ ካሰራችኋት፣ ቲዎሪው በተለወጠ ቁጥር የምትጠየቀው አያዋ ትሆናለች።

የሐይቅ ዳር
ወረሂመኖ፣ አላህ ይስጥህ። ለሁለተኛው ጎራ ደግሞ ይህን ንገሩት። ከአሜሪካዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሀብል ሁለት ዓመት ቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ የዓለምን መስፋት ከአንስታይን እኩልታ ያወጡት ጆርጅ ለሜትር የቤልጂየም ካቶሊክ ቄስ ነበሩ። ሃይማኖት ለማፍረስ የተነሱ ሰው አይደሉም። የሮሙ ጳጳስ ፒየስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1951 ግኝቱን ለመጽሐፉ ቃል ምስክር አድርገው ሲናገሩ ደግሞ ለሜትር አልተደሰቱም፤ ቲዎሪው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው ባይ ነበሩ። እግዚአብሔርን የማያምነው እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ፍሬድ ሆይል በተቃራኒው ዓለም መጀመሪያ የላትም በሚል ሐሳብ ጸና። የረታው ልኬቱ ነው፤ የማንም እምነት አይደለም።

በእኛ በክርስቲያኖቹ በኩል ደግሞ ከዓለም ፍጥረት የሚነሳው የዓመተ ዓለም ቆጠራ መነሳቱ አይቀርም፦ 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። አትሽሹት። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ምን ዓይነት ነበሩ የሚለውን የጥንት አባቶችም ጠይቀውታል፤ አውግስጢኖስ ማሰቡ ራሱ አስቸጋሪ ነው ብሏል። የቀናቱን ነገር ለመምህራኑ ተዉት፤ ኮከቡን ግን አትካዱ።

ለእኔ ዋናው ግን ሌላ ነው። የሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሲናም የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስም ዓለም ጅማሬ ባይኖራት እንኳ በራሷ የማትቆም፣ መኖሯን ከሌላ የምትቀበል ናት ብለዋል። መፍጠር ማለት አንዴ ገፍቶ መተው አይደለም፤ አሁንም በዚህች ደቂቃ ማኖር ነው። ይህን የትኛውም ቴሌስኮፕ አያጸድቀውም፣ አያፈርሰውም። ክበባችሁ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ የሚቆምበት መሬት እዚህ ነው።

ጦሳ ሥር
እናመሰግናለን። የተፈጥሮ ሕግጋት ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለሕይወት እንዲመቹ ተስተካክለዋል የሚለውስ?

ቦርከና
በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። ጥሩ ምሳሌ የካርቦን አቶም አስኳል ነው፤ 7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው የኃይል ደረጃ ባይኖር ከዋክብት ውስጥ ካርቦን በበቂ አይሠራም ነበር። ይህን አስቀድሞ የተነበየው ያው ሆይል ነው። ሰው የሚሳሳተው «ይህ የመሆን ዕድሉ ከቢሊዮን አንድ ነው» ሲል ነው። ቁጥሩ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን ይችል እንደነበር ካልታወቀ ዕድል አይሰላም። «ብዙ ዓለማት አሉ» ብሎ የሚመልስም ካለ እነዚያን ዓለማት ማንም እንዳልለካቸው ንገሩት።