የኬጂ ልጆች ታሪኩን ይወዱታል፣ ቁጥሩ ግን አልገባቸውም

መምህርት_ቱሉዲምቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የ5 ዓመት ልጆች አስተምራለሁ። በሥዕል መጽሐፍ ስንቆጥር እስከ 6 ያሉ በጎችን በትክክል ይቆጥራሉ፤ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ስል ግን እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። መጽሐፉ አንድ፣ ልጆቹ 35። ራሴ ብሠራስ ምን ዓይነት ታሪክ ይሻላል?

ቆርኪ_ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ «ስንት» ስትያቸው «ቁጠሩ» ያልሽ ይመስላቸዋል። መጨረሻ ላይ የጠሩት ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገና አልገባቸውም። ስለዚህ ገልብጪው፦ መጀመሪያ በጎቹን በሙሉ በእጅሽ ከበሽ «ሦስት በጎች» በይ፣ ከዚያ እያንዳንዱን እየነካሽ ቁጠሪ፣ በመጨረሻ መልሰሽ ከበሽ «ሦስት»። እስከ 3 ያለውን ሳይቆጥሩም በዓይን ስለሚለዩት ከዚያ ጀምሪ፤ ይህ ሳይጸና ወደ 6 አትሂጂ።

ሥዕሉንም እዪው። በጎቹ ከተደራረቡ ወይም ከአጥር ጀርባ ጭራ ብቻ ከታየ ጎበዙም ይሳሳታል። መጀመሪያ በአንድ መስመር፣ በመካከላቸው ጣት የሚያሳርፍ ክፍተት ትተሽ ሳዪ። በክብ የተሳለው ይቆይ፤ ከየት እንደጀመሩ ስለሚጠፋባቸው አንዱን ሁለቴ ይቆጥራሉ። ጊዜው ሲደርስ መነሻው ላይ ቆርኪ ማስቀመጥ ይበቃል።

ለታሪኩ ሚኒባስ ታክሲ የሚያህል የለም፤ ካልሞላ አይሄድማ! 5 ወንበር ሳዪ፣ 3ቱ ላይ ሰው አስቀምጪ፣ ረዳቱ «ስንት ሰው ቀረን?» ይበል። መልሱ ካልተገኘ ታክሲው አይነሳም። ቁጥሩ ከታሪኩ ቢወጣ ምንም የማይጎድል ከሆነ ልጆቹም አይፈልጉትም። ቆይተሽ 5፣ 5 ወንበር በሁለት ረድፍ አድርገሽ እስከ 10 ውሰጃቸው። እውነተኛው ሚኒባስ እንዲህ አይደለም፣ ግን ለመቁጠር ይመቻል።

ወረቀትና_ክር፦
4 የኤ4 ወረቀት መሃል ለመሃል ስታጥፊ 16 ገጽ ይወጣል። ተራ ስቴፕለር እጥፋቱ ጋ አይደርስም፤ በመርፌና በወፍራም ክር ስፊው። እጥፋቱ ላይ 3 ቀዳዳ፦ አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ከእሱ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች። ከውስጥ በመሃሉ አውጪ፣ በላይኛው አስገቢ፣ መሃሉን ዘለሽ በታችኛው አውጪ፣ በመሃሉ መልሰሽ ውስጥ ቋጪው። ይህ ግን ለ5 ወይም 6 ልጅ ቡድን ነው። ለ35ቱ በአንድ ጊዜ ለማንበብ በማኒላ ካርቶን ትልቅ አድርገሽ ካልሳልሽው ከኋላ ያሉት አያዩም።

አንባቢ_ለገጣፎ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ግን በየገጹ «ስንት ናቸው?» አትበዪ፣ ታሪኩ ይሞታል። የመጀመሪያው ንባብ ያለ ጥያቄ ይለቅ። በሁለተኛው ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ቆም በዪ። ተሳፋሪ አድርጎ ወንበሩ ላይ ለማስቀመጥም ቆርኪ ይሻላል፤ ሽምብራ ጆሮና አፍንጫ ውስጥ ይከቱታል።

መምህርት_ቱሉዲምቱ፦
አመሰግናለሁ! ሁሉም ሲወርዱስ? ዜሮን እንዴት ልሳል?

ቆርኪ_ሰብሳቢ፦
ገጹን ባዶ አትተዪው፣ ያላለቀ ሥዕል ይመስላቸዋል። 5ቱን ወንበሮች ሰው ሳይኖርባቸው ሳዪና ረዳቱ በሩ ላይ ይቁም። እሱንም እንደ ተሳፋሪ የሚቆጥር ልጅ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከታክሲው ውጭ አቁሚው።