ክርክር፦ በመቅደላ ብራናዎች የዕውቀት ግራፍ ላይ «የይዞታ ዝውውር» ይባል ወይስ «ዝርፊያ»?

አወያይ፦ ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙትን 350 ያህል ብራናዎች ከሰው፣ ከቦታና ከጊዜ ጋር የሚያያይዝ የዕውቀት ግራፍ፣ ማለትም ኮምፒውተር የሚያነበው የመረጃ መረብ፣ ቢሠራ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ የፈጸመው ነገር ሲዶክ ሲአርኤም በተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ መረጃ መለኪያ መሠረት «የይዞታ ዝውውር» ተብሎ ብቻ ይመዝገብ ወይስ «ዝርፊያ» የሚል የራሱ ዓይነት ይሰጠው?

የመረጃ ባለሙያ፦ «የይዞታ ዝውውር» በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። መለኪያው ይዞታን ከባለቤትነት ለይቶ ስለሚመዘግብ፣ የባለቤትነት ዝውውር እስካልጻፍን ድረስ ብራናው የእንግሊዞች ሆነ አላልንም። የራሳችንን ቃል ብንፈጥር ግን የሌሎች ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት አያውቀውም፤ መረጃውን ለማገናኘት የለፋነውም ከንቱ ይቀራል።

የብራና ተመራማሪ፦ ሁለቱ መለየታቸው ትልቅ ነገር መሆኑን እቀበላለሁ፤ ባለቤትነትን በዝምታ መግለጽ ይቻላል በሚለው ግን አልስማማም። እንዲህ ያለው ግራፍ ያልተጻፈውን «አልታወቀም» ብሎ ስለሚያልፈው፣ ጠያቂው የሚያገኘው መልስ «ባለቤቱ ያልታወቀ ብራና ለንደን አለ» የሚል ይሆናል። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ብራናው ላይ ተጽፏል። ቅጠሉን ሲገልጡ በኅዳጉ ወይም በባዶው ገጽ ላይ መጽሐፉ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ የሚናገር ጽሑፍ ይገኛል፤ ከሥሩም «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይኩን» የሚለው የታወቀ ግዝት ይከተላል። የሰረቀውንም የፋቀውንም የሚያወግዘው ይህ ቃል ለእኔ የባለቤትነት ሰነድ ነው፤ ሰጪውን፣ ተቀባዩንና መጽሐፉ ከቦታው እንዳይነሣ የተጣለውን ክልከላ አንድ ላይ ስለያዘ በግራፉ ውስጥ ራሱን ችሎ ሊገባ ይገባዋል። ቃል መፍጠርን በተመለከተም፣ «ዝርፊያ»ን የይዞታ ዝውውር ንዑስ ዓይነት ማድረግን መለኪያው ይፈቅዳል፤ ንዑሱን የማያውቅ ሥርዓት ዋናውን ያነባል።

የታሪክ መምህር፦ በዚህ ከተስማማን ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን። ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹ መቅደላ መድኃኔ ዓለም የገቡት ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አስወስደዋቸው ነው። ንጉሡን እጅግ አከብራለሁ፤ ነገር ግን የጎንደር ካህናት ያጡትን ዘልለን ታሪኩን ከመቅደላ ብንጀምር፣ ግዝቱ ላይ ስሙ የተጻፈውን ደብር እኛው ራሳችን ሰረዝነው ማለት ነው።

የመረጃ ባለሙያ፦ ንዑስ ዓይነቱን ተቀብያለሁ፤ ሆኖም «ዝርፊያ» ያለው ማን እንደሆነና በምን ማስረጃ እንዳለው አብሮ ካልተመዘገበ አሁንም እቃወማለሁ። ግራፉ ትክክል መልስ መስጠቱን የምንፈትንባቸው ጥያቄዎችም ከመሠራቱ በፊት ይዘጋጁ። ለምሳሌ ሥርዓቱ 1860ን በፈረንጆች አቆጣጠር ካነበበው፣ ጦሩ ከመምጣቱ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ብራናውን ለንደን ያስገባዋል። እንዲሁም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጠይቀው በ1872 እ.ኤ.አ. የተመለሰላቸው የክብረ ነገሥት ቅጂ ዛሬም ለንደን እንዳለ ከተነገረን፣ ግራፉ መሄድን እንጂ መመለስን አያውቅም ማለት ነው። የጎንደሩን ጥያቄ ደግሞ የታሪክ መምህሩ ይጻፉልን።

የታሪክ መምህር፦ እነሆ፦ «ይህ ብራና ከመቅደላ በፊት የማን ነበር፣ ከእጃቸውስ እንዴት ወጣ?»