ዶሮዎቼ እየሞቱ ነው፤ ላሳውቅ ወይስ ዝም ልበል?

ጀማሪ_አርቢ

ሰላም ለሁላችሁ። 400 እንቁላል ጣይ ዶሮ አለኝ። ከትናንት ወዲያ 6 ሞቱ፣ ትናንት 19፣ ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት 31። መኖ አይነኩም፣ ተኮራምተው ይቆማሉ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ አለ፣ አንዳንዶቹ አንገታቸው ተጠማዟል።

ጎረቤቴም አርቢ ነው። «ለማንም እንዳትተነፍስ፣ የቀሩትን ዛሬውኑ ለነጋዴ ስጥ» ይለኛል። ባለቤቴ ተናገር ትላለች። መኖውን የወሰድኩት በዱቤ ነው፣ ዶሮዎቹ ካለቁ በምን እንደምከፍለው አላውቅም። ብናገር መጥተው ሁሉንም ይገድሉብኛል? ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከገንዘቡ እኩል የሚያስፈራኝ ስሜ ነው፣ «በሽታውን ያመጣው እሱ ነው» መባሉ። የደረሰበት ሰው ካለ ያየውን ይንገረኝ። ስብከት ግን ይቅርብኝ።

ዝም_ያልኩት

እሺ፣ ስብከት የለም። እኔ ሸጥኩ።

ነጋዴው ዶሮዎቹን አንዴ አየ፣ ምንም አልጠየቀኝም፣ ዋጋውን ብቻ ግማሽ አደረገው። እኔም አልተከራከርኩም። ሁለታችንም እያወቅን ያላወቅን መስለን ተለያየን። ያገኘሁት ገንዘብ የመኖ እዳዬን እንኳ አልሸፈነም። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቤቱን በግልጽ ባጸዳ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል ብዬ ጉዝጓዙን በሌሊት አወጣሁት፣ መድኃኒትም በደንብ አልረጨሁም። ከወር በኋላ ያስገባኋቸው ቄቦችም እዚያው ቤት ውስጥ አለቁ። ማለትም አንድ ጊዜ ለመደበቅ ሁለት ጊዜ ከሰርኩ።

ጎረቤቴ የእንቁላል ትሪ ይዋሰኝ ነበር። የእሱም አልቀረለትም። ከየት እንደመጣበት እስከዛሬ አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም። በየቀኑ ሰላም እንባባላለን።

ደውዬ_ነበር

እኔ ደግሞ ተናግሬያለሁ። ዋጋም ከፍያለሁ። ነጫጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ በመኪና መጡ፣ መንደሩ በሙሉ አጥር ላይ ቆሞ አየ። ከዚያ ውጤት እስኪመጣ ምንም ነገር ከግቢ እንዳይወጣ ተባለ። ልክ ነው፣ መባልም አለበት። ግን ዶሮ ታገድክ ብሎ መብላቱን አያቆምም፣ መጣሉንም አያቆምም። እንቁላሉ እየተከመረ መኖው እያለቀ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በሽታው ፈንግል (ኒውካስል የሚባለው የዶሮ በሽታ) መሆኑ በላብራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ ደንበኞቼ ለወራት አልተመለሱም፣ ምክንያቱም ሰው ያስታወሰው ቱታውን እንጂ ውጤቱን አይደለም።

ካሳው ዘግይቶ መጣ። የከፈሉኝም እነሱ ገድለው ላስወገዷቸው ነው፣ ቀድመው ለሞቱት ምንም የለም። ለአምስት ቀን «እስቲ ነገ ይሻላቸው ይሆናል» እያልኩ ስጠብቅ ከግማሽ በላይ ሞተውብኝ ነበር። የሚቆጨኝ መናገሬ ሳይሆን እነዚያ አምስት ቀናት ናቸው።

ነጭ_ጋዋን

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። መጀመሪያ አስቸኳዩን፦ ዶሮም፣ እንቁላልም፣ ትሪም፣ ኩስም ከግቢ አይውጣ። ዶሮ ቤት የምትገባበት ጫማ እዚያው በር ላይ ይቅር። የሞተ ስትነካ ጓንትና ማስክ አድርግ፣ ከዚያ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ልጆች አይጠጉ። ሳይሞቱ አርደን እንብላቸው የሚል ካለም እምቢ በል።

ምልክቱ ፈንግል ይመስላል። ኃይለኛው የወፍ ጉንፋንም እንዲሁ ነው የሚመስለው። በዓይን አይለዩም፣ እኔም አልለያቸውም፣ የሚለየው ላብራቶሪ ነው። ችግሩ አርቢው «የተለመደው ፈንግል ነው፣ መጥቶ ይሄዳል» ብሎ ይተወዋል። የወፍ ጉንፋኑ ኤች5ኤን1 ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገድሏል፤ ስትደውል ያን ያህል ግርግር የሚፈጠረው ለዚህ ነው።

ሁሉንም ይገድሉብኛል ወይ ላልከው፣ እንደ በሽታው ነው። ጉምቦሮ ወይም ኮክሲዲያ የሚባሉት ሌሎች የዶሮ በሽታዎች ቢሆኑ ለዚያ ብሎ መንጋ የሚያስወግድ የለም። ኃይለኛው የወፍ ጉንፋን ከሆነ በብዙ አገር ይወገዳሉ። ግን ያኔ ዝም ብትልም አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ይሞቱብሃል።

ደውዬ_ነበር ስለ ካሳ የጻፍከው የአንተ እድል ብቻ አይደለም። በአሜሪካም በብሪታኒያም የሚከፈለው በማስወገዱ ለተገደለ ዶሮ እንጂ በሽታው ቀድሞ ለገደለው አይደለም። ሐሳቡ አርቢው ቶሎ እንዲናገር ነው። ግን ቶሎ የተናገረውም አስወጋጆቹ እስኪደርሱ ቀናት ሲያልፉ በመካከል የሚሞተው በእሱ ኪሳራ ይቆጠር ነበር። ብሪታኒያ ይሄን ያስተካከለችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ስሌቱ ማስወገዱ መታቀድ ከጀመረበት ጊዜ እንዲነሳ ተደረገ። በአሜሪካ ደግሞ ዶሮው የኩባንያ፣ ልፋቱ የገበሬው በሆነበት የኮንትራት እርባታ ክፍያው ለባለቤቱ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 በተነሳው ወረርሽኝ 50 ሚሊዮን ገደማ ዶሮና ተርኪ ካለቀ በኋላ ነው አርቢውም ድርሻ እንዲያገኝ ደንቡ የተሻሻለው።

እኛ ባለሙያዎች «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የምትል ቃል እንወዳለን። እኔ ግን ባለማወቅ የደበቀ አርቢ ብዙ አላየሁም። ያየሁት ደውሎ ማንም ያልመጣለትን ነው። እሱ ሁለተኛ አይደውልም፣ ከእሱ የሰማ ጎረቤቱም አይደውልም።

የጓሮ_ዶሮዎች

ስለ ባለ 400ው ሁላችሁም ተናገራችሁ፣ ስለ ባለ 8ቷ ማንም የለም 🙂 ዶሮዎቹን የማበላው፣ ሲያንቀላፉ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ስልኩ ግን የባለቤቴ ነው፣ ስልጠና ሲመጣም የሚጠራው እሱ ነው። ሁለት ዶሮ ሞቱ ብዬ ቢሮ ብደውል «ለሁለት ዶሮ ነው?» የሚሉኝ ይመስለኛል። ስለዚህ እቀብራቸዋለሁ፣ አለቀ።

ነጭ_ጋዋን

እህቴ፣ ለሁለትም ደውዪ። ወረርሽኝ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሁለት ነው። ግን «ለሁለት ዶሮ ነው?» የሚል ባለሙያ መኖሩን አልክድም፣ ያሳፍራል።

ቆሜ_አያለሁ

አርቢው ላይ ብቻ አትፍረዱ እንጂ። አገሮችስ? ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ባሳወቁ ማግስት ግን ዶሮና እንቁላላቸውን የሚገዛው አገር በሩን ይዘጋባቸዋል። የትልቁም የትንሹም ስሌት አንድ ነው፤ የተናገረ ይቀጣል፣ የደበቀ ያተርፋል፣ ቢያንስ ለጊዜው።

ጀማሪ_አርቢ

አመሰግናለሁ፣ በተለይ ዝም_ያልኩትን። ያንን መጻፍ ቀላል አይደለም።

ቢሮው መደወል ስለከበደኝ ክትባት ለሚሰጠን ልጅ ደወልኩ፣ እሱ አገናኘኝ። «መኪናውን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙልኝ፣ ቱታውን ግቢ ገብታችሁ ልበሱት» ብዬ ለመንኩ፣ እሺ አሉ። ናሙና ወስደዋል። መኖ ያበደረኝንም ሰውዬ ሌላ ሰው ሳይነግረው ቀድሜ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ውጤቱ ይምጣ» አለኝ።

ጎረቤቴ ሰላምታ አቁሟል። ዛሬ የሞቱት 44 ናቸው። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።