የታይላንድ ካሪ ለምን ይቆራረጣል?

ሱሉልታ_ማጀት፦ አረንጓዴ ካሪ ስሠራ የኮኮናት ወተቱ ይቆራረጣል። ቢጫው የካሪ ዱቄትስ ይሆነዋል?

ድምብላል፦ አይሆንም። ያ ዱቄት እንግሊዞች የህንድን ቅመም አስመስለው ያዘጋጁት ነው፤ እርድና አብሽ ይበዛበታል። ጃፓኖችም በሜይጂ ዘመን (በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ) ከእንግሊዞች ስለወሰዱት በቅቤና በስንዴ ዱቄት ያወፍሩታል። የታይላንዱ ካሪ እርጥብ ድልህ ነው፦ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጠጅ ሳር (ነጩ የታችኛው ክፍል ብቻ፤ ቅጠሉ አይደቅም)።

ቁሌት_ወዳጅ፦ መጀመሪያ ላይ መለያየቱ ጥፋት አይደለም፣ እንዲያውም ይፈለጋል! ከጣሳው አናት 4 ማንኪያ ወፍራሙን አንስተሽ ዘይቱ እስኪወጣ አብስይ፤ 2 ማንኪያ ድልህ ጨምረሽ 3 ደቂቃ አቁላይ። የቀረውን ወተት በመጨረሻ፣ በዝግታ እሳት። የሚያበላሸው ከዚያ በኋላ ማንተክተክ ነው። አንዳንዱ ጣሳ ማረጊያ (ወተቱ እንዳይለያይ የሚጨመር ነገር) ስላለበት ዘይት አይወጣውም፤ 1 ማንኪያ ዘይት ጨምሪ።

ድምብላል፦ ሽምብራ ካለበት ለብቻው ቀቅይው። ሱሉልታ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ መብሰሉ ይዘገያል።