የማኅበራችንን ዌብሳይት ከዜሮ ልንሠራ ነው፣ ምን ይቅደም?

በጎፈቃደኛው
ሰላም ቤቶች። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚረዳ ትንሽ ማኅበር ውስጥ በነጻ አገለግላለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ዌብሳይት ሠርቶልን ነበር። ለካ ዶሜይኑን፣ ማለት የገጹን አድራሻ፣ ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ኖሯል፤ ጊዜው ሲያልቅ ማሳሰቢያው ለሱ ሄደ፣ እሱ ደግሞ ስልክ ቀይሯል፣ እኛ ያወቅነው ውጭ ያለች ደጋፊያችን ደውላ «ገጻችሁ አይከፈትም» ስትለን ነው። አሁን ቦርዱ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ የሊቀመንበሩ መልእክት፣ የሚንሸራተት ፎቶ ይላል። እኔ ማን ያነበዋል ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

ኮድና ቡና
ሊቀመንበሩ አይቀየሙኝና፣ ማንም አያነበውም። ሰው የሚከፍተው በስልክ ነው፣ ያውም በዳታ። አንዴ ያስተካከልኩት ገጽ ላይ የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ 6 ሜጋባይት ነበር፣ ከካሜራ እንደወረደ የተጫነ። 150 ኪሎባይት አደረስኩት፣ ልዩነቱን ያየ የለም። ዎርድፕሬስ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ይበቃችኋል። ደግሞ አደራ፣ የባንክ ቁጥሩን ፖስተር ላይ ጽፋችሁ ምስሉን አትለጥፉ። የንግድ ባንክ ሒሳብ 13 አሃዝ ነው፤ ኮፒ ካልተደረገ አንዱን ስቶ መላክ ቀላል ነው።

የሜሪላንዷ
እኔ ሰጪ ነኝ፣ ከሰጪ ወገን ልናገር። መጀመሪያ የማየው የምዝገባ ቁጥራችሁን ነው፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሰጣችሁን። ካጣሁት እዘጋዋለሁ። ቴሌብር ለአገር ቤት ሰው ጥሩ ነው፣ እኔ ያለኝ ግን ካርድ ነው፤ በፔይፓል ደግሞ ኢትዮጵያ ሆኖ መቀበል አይቻልም። እዚህ አሜሪካ 501 ሲ 3፣ ማለት ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕውቅና፣ ያለው አጋር ካላችሁ ስሙን ጻፉ፣ ደረሰኙ ለግብር ይጠቅመኛል። «ብዙዎችን እየደረስን ነው» አትበሉኝ። ባለፈው ወር ስንት ኩንታል ጤፍ ገዛችሁ? በስንት? እሱን አንድ መስመር ጻፉልኝና እልካለሁ።

ታች አምና
የሜሪላንዷ ልክ ናት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የደነገገው፤ እናንተ ከዚያ በታች ከሆናችሁ ምን ያስፈራችኋል፣ ቁጥሩን አውጡት። የእማማዎቹን ፎቶ ግን ሳትጠይቁ እንዳታወጡ። አንዲት እናት «ጎረቤት ያየኛል» ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ነበር ያነሷቸው።
ዶሜይኑ ዶት ኦርግ ከሆነ ደግሞ ቶሎ በል። ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለው፤ የሚመልሰው የተመዘገበበት ድርጅት ብቻ ነው፣ ቅጣትም አለው። ስትመልሱት በማኅበሩ ኢሜይል ይሁን፣ ፓስወርዱም ሁለት ሰው ጋ ይቀመጥ።

በጎፈቃደኛው
አየሁት፣ የመመለሻ ጊዜው ላይ ነው! የልጁን እህት ፌስቡክ ላይ አግኝቻታለሁ፣ ማታ ልታገናኘን ነው። የጤፉን ደረሰኝም ከሒሳብ ሹሟ ተቀብያለሁ። የሊቀመንበሩ መልእክት ግን አልቀረም፣ በስንት ልመና ሁለት መስመር ሆኗል።