የፕሌይስቴሽን 4 ማይክ፦ እኛ እንሰማለን፣ እነሱ ግን አይሰሙንም

ጥያቄ፤ «የሳቢያኑ አባወራ»፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቼ በፕሌይስቴሽን 4 እግር ኳስ ሲጫወቱ ጅቡቲ ከሚኖሩት የአጎታቸው ልጆች ጋር በድምፅ መነጋገር ስለፈለጉ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና ማይኩ እስከ አፍ የሚደርስ ትልቅ ሄድሴት እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ገዛሁላቸው። ሄድሴቱ አረንጓዴና ሮዝ ቀለም ያላቸው ሁለት መሰኪያዎች አሉት፤ ጆይስቲኩ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አንድ ብቻ ነው። አረንጓዴውን ስንሰካ ከጅቡቲ የሚመጣው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማናል፣ የእኛ ግን አይደርሳቸውም። ሮዙን ስንሰካ ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም። የስልክ ኤርፎን ስንሞክር ድምፃችን ይደርሳል፤ ነገር ግን የጣሪያው ማራገቢያ ጩኸት ንግግሩን ይውጠዋል ይሉናል። በዚህ ሙቀት ማራገቢያውን አጥፍታችሁ ተጫወቱ ማለት ደግሞ የሚሆን አይደለም። ሄድሴቱ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ሁለቱም ልጆች አንድ ላይ እንዲናገሩ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጦ የክፍሉን ድምፅ በሙሉ የሚቀበል ማይክ ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ 1፤ «ከዚራ ጥገና»

ጤና ይስጥልኝ። ሄድሴትዎ ምንም አልሆነም፤ የተሠራው ለኮምፒውተር ስለሆነ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ላይ የማዳመጫውና የማይኩ መንገድ ለየብቻ ነው፤ አረንጓዴው ድምፅ ያወጣል፣ ሮዙ ድምፅ ያስገባል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ግን ሁለቱንም በአንዱ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያስተናግዳል፤ ስለዚህም የሚሰካበት ጫፍ ባለ አራት ክፍል መሆን አለበት። ይህን ለመለየት የመሰኪያውን ብረት የሚከፋፍሉትን ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀለበቶች መቁጠር ይበቃል፦ ሦስት ቀለበት ካለው ማይክ ያስተላልፋል፤ ሁለት ብቻ ካለው የግራና የቀኝ ጆሮ ድምፅ እንጂ ማይክ የለውም። የስልኩ ኤርፎን የሠራልዎ ባለ ሦስት ቀለበት በመሆኑ ነው።

የሚያስፈልግዎ በአንድ ጫፉ ሁለት ሴቴ ቀዳዳ፣ በሌላው አንድ ወንዴ መሰኪያ ያለው አጭር ማገናኛ ነው። ይሁንና አንድ ሙዚቃ ለሁለት ሰው የሚያካፍል ሌላ ማገናኛ አለ፤ በመልኩ ከዚህኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ሻጮችም ብዙ ጊዜ አይለዩትም። ትክክለኛው በአንዱ ቀዳዳ ላይ የማዳመጫ፣ በሌላው ላይ የማይክ ምልክት አለበት፤ ወንዴውም ባለ ሦስት ቀለበት ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሄድሴቱን በማገናኛው አድርገው ከስልክዎ ጋር ይሰኩትና ድምፅ መቅጃውን ከፍተው የሄድሴቱን ማይክ በጥፍርዎ ቧጨር ቧጨር ያድርጉት። መልሰው ሲያዳምጡ መቧጨሩ ጎልቶ ከተሰማ የቀዳው የሄድሴቱ ማይክ ነው፤ ካልተሰማ ግን ስልኩ በራሱ ማይክ እየቀዳ ስለሆነ ማገናኛውን ለሻጩ ይመልሱለት።

አንዳንድ የቆዩ ኤርፎኖች ላይ የማይኩና የግራውንዱ (የጋራ መመለሻው) መስመር ቦታ ተለዋውጦ እንደሚገኝም ይወቁ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ ገመዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙት ግን ወዲያው ይስተካከላል።

መልስ 2፤ «ጀጎል»፣ ሐረር

ሁለቱም ልጆች ያለ ሄድሴት እንዲናገሩ ከፈለጉ የፕሌይስቴሽን 4 ካሜራ ይህን ያደርጋል። ካሜራው አራት ማይኮች ያሉት ሲሆን ከማሽኑ ጀርባ ባለው የራሱ ቀዳዳ ይሰካል፤ ሌላ ማይክ ካልሰኩ እሱ ራሱ ድምፅ ይቀበላል። እኛ ቤት የምንጠቀመው በዚህ ነው፣ አልተቸገርንም።

መልስ 3፤ «ድምፅ ወዳድ»፣ ድሬዳዋ

ወንድሜ ጀጎል፣ እናንተ ዘንድ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማራገቢያ ሳታበሩ ታመሻላችሁ፤ ድሬ ላይ ግን ከቴሌቪዥን በላይ የተቀመጠ ማይክ የሚሰማው ከልጆቹ ይልቅ ማራገቢያውን ነው። ከዚህም በላይ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው የጨዋታው ድምፅና የጅቡቲዎቹ ንግግር ተመልሶ በዚያው ማይክ ስለሚገባ፣ እነሱ የራሳቸውን ድምፅ ዘግይቶ ሊሰሙት ይችላሉ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዊ ለተባለው የጨዋታ ማሽኑ ያወጣው «ዊ ስፒክ» የተባለው ማይክም የክፍሉን ሰው ሁሉ በአንድነት እንዲሰማ የተሠራ ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ኤክስቦክስ ላይቭ የተባለውን የኢንተርኔት ጨዋታ አገልግሎት ሲጀምር በመነሻ ጥቅሉ ውስጥ የጨመረው ከአፍ አጠገብ የሚቆም ማይክ ያለው ማዳመጫ ነው። በእኔ አስተያየት ጫጫታ ላለበት ቤት የሚበጀው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ምክንያቱም ከማይኩ እስከ አፍ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ወደ ማይኩ የሚደርሰው የንግግር ኃይል አራት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ከጣሪያ የሚመጣው የማራገቢያ ድምፅ ግን ባለበት ይቀራል። የስልክ ኤርፎን ማይክ ደረት ላይ ስለሚንጠለጠል ነው ማራገቢያው የበለጠው። ሄድሴቱ በማገናኛ ሲሰካ ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል አርቀው ያቁሙት፣ ትንፋሽ እንዳይመታው። ነፋሱ በቀጥታ የሚያርፍበት ከሆነ ትንሽ የስፖንጅ ልባስ ያድርጉለት። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ኦዲዮ ዲቫይስስ ገብተው የማይኩን መጠን የሚያስተካክለውን ይክፈቱ፤ ሲናገሩ የሚንቀሳቀስ መለኪያ ያያሉ። ልጁ ዝም ባለበት መለኪያው በማራገቢያው ብቻ የሚዘል ከሆነ መጠኑን ይቀንሱ። ብዙ ሰው ግን «አልሰማ አለን» ሲባል መጠኑን እስከ ጫፍ ይከፍተዋል፤ ያኔ ከንግግሩ ጋር ማራገቢያውም አብሮ ያድጋል።

ብሉቱዝ ሄድሴት እንዳይገዙ፤ ፕሌይስቴሽን 4 የተለመዱትን የብሉቱዝ ማዳመጫዎች በቀጥታ አይቀበልም። በዩኤስቢ የሚሰካ ግን ይሠራል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማገናኛውን ከዚያው ገበያ አግኝቼ ሱቅ ውስጥ እንደተባለው በስልኬ ፈተሽኩት፤ የመጀመሪያው የሙዚቃ ማካፈያ ሆኖ ተገኘ፣ ሁለተኛው ሠራ። ትልቁ ልጅ ማራገቢያው እየዞረ በደንብ እየተነጋገረ ነው። ታናሹ ግን በራሱ መለያ ሲገባ፣ በዚያው ሄድሴት የማይኩ መለኪያ እየተንቀሳቀሰ እያየነው ከጅቡቲዎቹ ጋር መነጋገር አልቻለም። ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቅ ይሆን?

መልስ 4፤ «ከዚራ ጥገና»

መለኪያው ከተንቀሳቀሰ ከማይኩ አይደለም። ፓርቲ በሚባለው የቡድን ንግግር ለመነጋገር የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክፍያ አያስፈልግም። የታናሹ መለያ በእርስዎ ሥር እንደ ልጅ መለያ የተከፈተ ከሆነ ከሌሎች ጋር መነጋገር ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል፤ በራስዎ መለያ ገብተው ፓረንታል ኮንትሮልስ ከሚለው ውስጥ ፋሚሊ ማኔጅመንትን ይክፈቱ፣ የልጁን ስም ይምረጡና ንግግርን የሚመለከተውን ገደብ ያንሱለት። ገደቡ ተነሥቶም ወደ ቡድኑ ገብቶ መነጋገር ካልቻለ የኢንተርኔት ግንኙነት ፍተሻውን ያስሂዱ፤ ናት ታይፕ 3 (መስመሩ ከሌሎች ጋር በቀጥታ መገናኘትን ይገድባል ማለት ነው) የሚል ውጤት ካመጣ ችግሩ ከመስመሩ ነውና የሌላ ሰው ዋይፋይ ወይም ሆትስፖት ላይ ሞክረው ውጤቱን እዚሁ ይጻፉልን።