«ልጆቹን አታደናግሯቸው» ለተባለው፦ የሰማይ ቃላት በአማርኛ ይሁኑ ወይስ በእንግሊዝኛ?

የማራኪው መምህር፦
ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር አንድ የተማሪዎች የሳይንስ ዝግጅት ላይ ነበርኩ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ «ፀሐያችን የምትገኘው ፍኖተ ሐሊብ በሚባለው ረጨት ውስጥ ነው» ብላ ጀመረች። ከተጋባዦቹ አንዱ ማይኩን ተቀበሏት። «ልጄ፣ ጋላክሲ በይው። አማርኛ የሥነ ፈለክ ቃል የለውም። መምህራን፣ ልጆቹን አታደናግሯቸው» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። ልጅቷ የቀረውን ሳትናገር ወደ ቦታዋ ተመለሰች።
በጣም ተናድጃለሁ። ሰውየው ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ስሌት፣ በቃል ሲሰላበት በኖረ ከተማ «ቃል የለውም» ሲባል ማጨብጨብ ምን ይሉታል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአዘዞዋ እናት፦
መምህር፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ግን እኔ ብኖርም አጨበጭብ ነበር። ልጄ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ይማራል። 9ኛ ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ረጨት ብሎ የሸመደደውን ትቶ ጋላክሲ ብሎ እንደገና ሊጀምር ነው። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። «አታደናግሯቸው» ያሉት ሰው ለልጆቹ አዝነው ነው።

የበዓታው ደቀ መዝሙር፦
እህቴ፣ ማዘናቸውን ተይው። «ቃል የለውም» ያሉት ሐሰት ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ኮከብ፣ ጠፈር፣ ግርዶሽ፣ ምሕዋር፣ የአጥቢያ ኮከብ፣ ጅራታም ኮከብ የማን ቃል ነው?
ስለ መደናገርም ልንገርሽ። የ2018ን አበቅቴ፣ ማለትም በባሕረ ሐሳብ በዓላትን ለማውጣት የሚያገለግለውን የጨረቃ ቁጥር፣ እናውጣ። በ2018 ላይ 5500 ስንደምር 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ትተን 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ሲባዛ 132 ነው። በ30 በ30 ስንገድፈው 12 ይቀራል፤ አበቅቴው እሱ ነው። 12ን በ19 አባዝተሽ እንደዚያው ብትገድፊው 18 ይወጣል፤ ይህ የአበቅቴ ጓደኛ የሆነው መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። ይህን ወረቀት ሳይዙ የሚያወጡ ልጆች እዚህ ከተማ አሉ። እነዚህ ልጆች ረጨት በሚል አንድ ቃል ይደናገራሉ?

የፒያሳው አስጎብኚ፦
ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው። «የማን ቃል ነው» ያልከው ግን ላንተም አይበጅህም። በድሮ መጻሕፍት የፈለኮቹ፣ የፕላኔቶቹ ማለቴ ነው፣ ስም ምንድን ነው? ዙሐል፣ ሙሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዝሁራ። አሥራ ሁለቱ ከዋክብትስ? ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ ይወርዳል። እነዚህ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ፈለክ ራሱ በዐረብኛ አለ። አባቶች ከዐረብኛ ወስደው ነውር ካልሆነ፣ እኛ ጋላክሲን ብንወስድ ምኑ ነው ነውሩ?

የበዓታው ደቀ መዝሙር፦
መውሰድ ነውር ነው ብዬ አልጻፍኩም። የዘመን ቆጠራ መጽሐፉ እኛ ጋ የሚጠናው አቡሻክር ራሱ የ13ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ሰው ነው፤ የጻፈውም በዐረብኛ ነው። አባቶች ግን ስሙን ብቻ አንጠልጥለው አልመጡም። ሙሉውን ትምህርት ወደ ግዕዝ መልሰው፣ አስልተው፣ አስተማሩበት። እኛ ጋላክሲን ስንወስድ ቃሉን ብቻ ነው የወሰድነው። ልጁ ስሙን ይጠራል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም።

የአዘዞዋ እናት፦
ረጨትስ ሲባል ያውቃል? እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ፈለክ አንዱ መጽሐፍ ላይ ፕላኔት ነው፤ ሌላው ላይ ፕላኔቷ የምትዞርበት መንገድ ነው። አንዱ ጠፈር ሲል ሌላው ህዋ ይላል። የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው የሚባለው። አዋቂዎቹ ሳይስማሙ ልጄን መሞከሪያ አታድርጉብኝ። የሚያደናግረው ይሄ ነው።

የማራኪው መምህር፦
ይህ ትክክለኛ ወቀሳ ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥመኝ ነው። ግን ቃል ተበታተነ ማለትና ቃል የለም ማለት አንድ አይደለም። ተጋባዡ «ቃላችሁን አስማሙ» ቢሉ ኖሮ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ።
ደግሞ እንግሊዝኛውም የጸና ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በነሐሴ 1998 ፕላኔት ለሚለው ቃል አዲስ ትርጉም ሰጠ። ፕሉቶም ከዘጠኙ ወጣች። ያኔ የዓለም ተማሪ በሙሉ መጽሐፉን አስተካከለ። ማንም «ቃሉን ተዉት» አላለም።
ጋላክሲም ከግሪክ ወተት የመጣ ነው። ፍኖተ ሐሊብ ደግሞ የወተት መንገድ ማለት ነው። ልጅቷ ያለችው ያንኑ ነው። ረጨት ሲባልም መርጨትን የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ቆሞ ሲረጭ ያደገ ልጅ፣ ከዋክብቱ ተረጭተው ይታዩታል።

12ኛ ክፍል ነኝ፦
እኔም አንድ ነገር ልበል። ይህን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መማር እፈልጋለሁ። ለጎረቤት ስናገር «ኮከብ ቆጣሪ ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። አንዷማ የእናቷን ስም ነግራኝ ዕጣዋን እንድነግራት ጠየቀችኝ። አስትሮኖሚ ስላቸውም ያው አውደ ነገሥት፣ የኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ፣ ነው የሚመስላቸው። ሥነ ፈለክ የሚለው ቃል በደንብ ቢለመድ እንደኔ ያለውን ልጅ ከዚህ ያድነዋል። ቃሉ ለኔ ጌጥ አይደለም፤ ያስፈልገኛል።

የፒያሳው አስጎብኚ፦
እህቴ፣ በርቺ። ለሁላችሁም አንድ ነገር ላስታውስ። ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ በታኅሣሥ 2012 በይፋ ቡና ተብሏል። የሚዞረው ፕላኔትም አቦል ተብሏል፤ ክብደቱ ከጁፒተር በብዙ ይበልጣል። ዓለም በሙሉ በአማርኛ ይጠራቸዋል። ያለ ረጨትም ቋንቋችን ሰማይ ላይ አለ።

የበዓታው ደቀ መዝሙር፦
ስንት የከበረ ስም እያለ ቡና? አበቅቴ የሚባል ኮከብ ቢኖረን ምን ነበረበት?

የፒያሳው አስጎብኚ፦
ቡና ምን አደረገህ? አቦል ሲባል የማይገባው ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ደግሞ ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። በግሪክ ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ቤቷ ገባ ማለት ነው።

የበዓታው ደቀ መዝሙር፦
የግሪኮች «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በታች ያለውን አገር ሁሉ ይጨምራል። ለጎብኚ እንዲህ እያልክ አትንገር። ይልቅ ጄምስ ብሩስን ንገራቸው። በ1770 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እዚህ ጎንደር ገብቶ ሰማዩን በመሣሪያ ሲለካ ነበር። ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። ሄኖክ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት በሮች ይቆጥራል። አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ ያገኘው ከኛ ነው። ይህ እያለ ነው ቃል የላችሁም የምንባለው!

የአዘዞዋ እናት፦
ሄኖክ ዓመቱን 364 ቀን ነው የሚለው። ልጄ ፈተና ላይ 364 ብሎ ይጻፍ? መንፈሳዊውን ለመንፈሳዊ ቦታው እንተወው። እኔም አምናለሁ፣ አከብራለሁ። ግን የሳይንስ ክፍል ሌላ ነው።

የበዓታው ደቀ መዝሙር፦
364 ይማር ያለ ሰው የለም! ባሕረ ሐሳብ ራሱ በ365 ከሩብ ነው የሚሄደው። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 የምትሆነው ለምን ይመስልሻል? ስለ ቃል ስናወራ ስለ ቁጥር አትመልሺልኝ።

የማራኪው መምህር፦
እባካችሁ፣ በሥላሴ፣ ወደ ልጆቹ እንመለስ። ሰኔ 14 ቀን 2012 የሆነውን አስታውሱ። ላሊበላ ላይ ቀለበታዊ ግርዶሽ ነበር፤ እኛ ጋ ከፊል። በሬዲዮ በአማርኛ ተነገረ። ገበሬውም ተማሪውም ምን እንደሚያይ አውቆ ወጣ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ሌላ ይመጣል። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅና በሳዑዲ በኩል ያልፋል፤ ለኛ ከፊል ነው። ያኔም በአማርኛ እናስረዳለን፤ ማንም አይደናገርም።

የአዘዞዋ እናት፦
መምህር፣ እርስዎ ራስዎ መልሱን ሰጡኝ። ግርዶሽ አያቴም የምታውቀው ቃል ነው። ረጨት ግን ተቀምጦ የተሠራ ቃል ነው። ሁለቱን አንድ አያድርጉብኝ።

12ኛ ክፍል ነኝ፦
ቀለበታዊም እኮ ተቀምጦ የተሠራ ነው። ማን ተደናገረ?

የአዘዞዋ እናት፦
ቀለበት ጣቷ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይደናገራል? እሺ፣ ማታ ልጄን ረጨት ምንድን ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ካላወቀው ግን አልለቃችሁም።

የበዓታው ደቀ መዝሙር፦
ጠይቂው። ጋላክሲ ምን ማለት እንደሆነም አብረሽ ጠይቂውና የሁለቱንም መልስ እዚሁ ጻፊልን።